እርጥብ ጆንያ የለበሰው ኮምፒውተር

ከሱቄ ፊት ለፊት ጫት ጫኞቹ ጆንያቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ፀሐይ የመታው ብረት ላይ ሲጥሉት የሚነሳ ሽታ አለ፤ እርጥብ ቃጫ፣ ትኩስ ብረትና አቧራ አንድ ላይ የተቀቀሉ የሚመስል። ሌላውን የጭሮ ሰው ይህ ሽታ ወደ ገበያ ይወስደው ይሆናል። እኔን ግን የሚወስደኝ ወደ አባቴ ቤት የፊት ክፍል፣ ወደ አንድ ምስኪን ኮምፒውተር ነው።

አባቴ ጫት ነጋዴ ነበር፤ ከመሰላና ከሂርና ገበሬዎች እየገዛ፣ በሙዝ ቅጠል እያስጠቀለለ፣ መኪና ላይ ይጭን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ግን አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ከጫት ጋር አልስማማም ብሎ፣ አባታችንን ለምኖ ለምኖ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከድሬዳዋ አስመጣና የፊት ክፍላችንን ጌም ቤት አደረጋት። አባታችን የፈቀደው በቀጠሮ ነበር። «አረፋ ድረስ ነው። በዓሉ ላይ ይህን ክፍል ሰው ከሞላው ትቀጥላለህ፣ ካልሞላው ዕቃውን ሸጬ አንተን የጫት መኪና ላይ ረዳት አደርግሃለሁ» አለው። ጀማል የመኪና ነገር ሲነሳ ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ ረዳቱ ከጭነቱ አናት ላይ ተቀምጦ፣ ነፋስ እየገረፈው እንደሚሄድ በየቀኑ እናያለን።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ፣ ጀማል ከኮምፒውተሩ ጋር ይታገል ነበር። የኳስ ጌሙ የተሠራው ለጉልበታም ማሽን ስለነበር፣ እኛ ቤት ተጫዋቾቹ የገበያ ጭቃ ውስጥ እንደገባ አህያ ነበር የሚራመዱት። ስለዚህ ጀማል ዣንጥላውን ይዞ ኢንተርኔት ቤት ይሄድና፣ በሌላ አገር ያሉ፣ እንደኛው ደካማ ማሽን ያላቸው የጌም ወዳጆች ሠርተው የበተኑትን ትንንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ይመለስ ነበር። ፓች ይሉታል። ጌሙን የሸጠው ድርጅት ያልጨነቀው ነገር እነዚያን የማናውቃቸውን ሰዎች ጨንቋቸው፣ የማሽኑን ሸክም የሚያቀል ነገር ሠርተው «ውሰዱ» ብለዋል።

«በነፃ?» ይል ነበር አባቴ።

«አዎ አባ፣ በነፃ።»

«ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም።»

አባቴ ይስቅ ነበር። በሕይወቱ ምንም ሳይፈልግ ዕቃ የሰጠው ሰው ስላላጋጠመው፣ እነዚያ ሰዎች ወይ ጅል ናቸው ወይ ደግሞ የሚሰጡት ነገር የተበላሸ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

ፓቹ ተመልካቹን ከስታዲየም ያስወጣል፣ ጥላውን ያጠፋል፣ ሳሩን አጭዶ ሜዳውን አንድ ወጥ አረንጓዴ ያደርገዋል። አስቀያሚ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ኳሷ ልክ እንደተመታች ትሄድ ነበር። መስከረም ላይ ተማሪውና ባጃጅ ነጂው ሁሉ እኛ ቤት ይሰለፍ ጀመር፤ እየተሳደበ ይጫወት ነበር።

«ወሪያ ጀማል፣ ይሄ ሜዳ ነው ወይስ የሻይ ቤት ላስቲክ? ተመልካቹስ የት ገባ?»

«ሊቅም ሄዷል አቦ! ኳሷ ትሄዳለች አይደል?»

«ትሄዳለች።»

«በቃ ምታ።»

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ የአጎታችን ልጅ ናስር ከአዳማ መጣ። አጭር ሥልጠና ነገር ወስዶ ነበር፤ መቼም አዳማ ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት በር ላይ ያለፈ ሁሉ ጭሮ ሲገባ ኢንጂነር ነው። ፍላሹን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም ሳያወልቅ፣ ኮምፒውተራችንን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር። እሱም ፓች ይዞ ነበር፤ የሱ ግን ማቅለያ ሳይሆን ማስጌጫ ነው። ሳሩ ቅጠል በቅጠል ይታያል፣ ተጫዋቹ ያልበዋል፣ መብራቱ ጫማ ላይ ያብለጨልጫል። ይህንንም የሠሩት እነዚያው በነፃ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ናስር የጨመረበት ነገር ቢኖር የመክፈቻውን ምስል ፍቆ «ናስር ግራፊክስ» የሚል መለጠፍ ብቻ ነበር። ሌባ አልለውም፤ ሌባ ቢያንስ አጥር ይዘላል።

አባቴን የያዘው ሳሩ ነው። በጫት ንግድ ለምለሙ ቀንበጥ ከላይ ይታሰራል፣ ገዢ የሚያየው ከላይ ያለውን ነውና። አባቴ ስክሪኑ ላይ ያንን ሳር ሲያይ ጎንበስ ብሎ፣ «ሱብሃነላህ፣ ጤዛ አለው እኮ!» አለ።

«አባ፣ ማሽኑ አይችለውም» አለ ጀማል።

«ያነሰው ማሽኑ አይደለም፣ ዕውቀቱ ነው» አለ ናስር።

«በአረፋ እንግዳዬን ራቁት ሜዳ ፊት አላስቀምጥም» አለ አባቴ፤ ነገሩም አለቀ። የጀማል ዕጣ በሳር ተወሰነ።

በአረፋ ዕለት ሶላቱ ተሰግዶ፣ ሥጋው ተበልቶ፣ አዲስ ልብስ የለበሰው ሁሉ ክፍላችንን ሞላው። ጀማል ግድግዳ ተደግፎ የሰዉን ብዛት ሲያይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ሲላላ አየሁት። የናስር ስም ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ተጨበጨበ። ሳሩ ሲመጣ «ወላሂ!» ተባለ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረና፣ ኳሷ ከእግር ተነስታ አየር ላይ ቆመች። ትንሽ ሄደች፤ ደግሞ ቆመች። አንዱ ኳሷን ወደ ጎል ልኮ፣ ማስቲካ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ኳሷ ገና መንገድ ላይ ነበረች። የኮምፒውተሩ ሣጥን እንደ ወፍጮ ያጓራ፣ ክፍሉን በሙቀት ይሞላው ጀመር።

«ሙቀት ነው፣ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው» አለ ናስር፤ ይህን ብሎ ስልክ ሊያናግር ወጣ። ጀማል የድሮውን ፓች ሊመልስ ፍላሹን ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጠ።

አባቴ የሞቀ ነገር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ጆንያ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ምርጥ ጫት በመንገድ እንዳይጠወልግ እንደሚያደርገው አጥብቆ ጨመቀ፣ ከዚያም ሣጥኑን በጥንቃቄ አለበሰው። ማንም አልሳቀም። ክፍሉ ሙሉ ጫት ሻጭና ጫት ጫኝ ነበር፤ ግማሹ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ አንድ ሽማግሌማ «በጎኑም በኩል ሸፍንለት» ብለው መከሩ።

ጀማል ከጓዳ ብቅ ሲል «አባ!» ብሎ ጮኸ። ጧ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ያ ሽታ ተነሳ።

«መብራት ኃይል ነው» አለ ናስር ከበር ላይ፤ ፍላሹን ነቅሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎም መንገዱን ተሻግሮ ሌላው ጌም ቤት ገባ። ሕዝቡም ተከተለው። አባቴ ጆንያውን አነሳ፣ አጠፈው፣ የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ይዞት ቆመ። ጀማልን አላየውም።

በጋው ሲገባ ጀማል መኪና ላይ ወጣ። ክፍሉ በበዓሉ ባዶ ቀርቷልና አባቴ ቃሉን አላጠፈም፤ ነጋዴ ነው። ግን በመጀመሪያው ቀን ሹፌሩን ጠጋ ብሎ «ከላይ እንዳይቀመጥ፣ አጠገብህ ጋቢና አስቀምጠው» ሲለው ሰምቻለሁ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ አልቻለበትም።

ዛሬ እኔ እዚሁ ጭሮ ስልክና ኮምፒውተር እሸጣለሁ። ናስር ከማዶ ሱቅ ከፍቶ፣ ከሱቁ የሚሰፋ ማስታወቂያ ሰቅሏል፣ ሰዉም አንቱ ይለዋል። ባለፈው ሰሞን ጀማል፣ አሁን ሹፌር የሆነው፣ መኪናውን አቁሞ እኔ ጋ ሻይ ሲጠጣ፣ ኮምፒውተር የሸጥኩለት ጎረምሳ «ጌሙ ይጎተታል» ብሎ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። ጀማል ሳይጠየቅ ተቀመጠና ጥላውን አጠፋ፣ ተመልካቹን አባረረ፣ ሳሩን አጨደ። ኳሷ በረረች።

«አስቀየምከው እኮ!» አለ ጎረምሳው፤ ኮምፒውተሩን አቅፎም ወደ ናስር ተሻገረ። የያኔዎቹ ቢያንስ እየተሳደቡም ይጫወቱ ነበር፤ የዛሬው ሳሩን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

ጀማል ሻዩን ጨርሶ ወጣ፣ ጆንያውን ነክሮ ጨመቀና ጭነቱን አለበሰው። ሽታው ሱቄ ድረስ ገባ። ጋቢና ገብቶ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዞር አለና፣

«ኳሷ ትሄድ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ትሄድ ነበር» አልኩት።