ዓሣ ነባሪ የሌለበት ከተማ

እኔን የሚያስደነግጥ ድምፅ በኦሃዮ ምድር ገና አልተፈጠረም። ነጎድጓድ እንኳ እኔ ያለሁበት ሰፈር፣ ብሌንደን ሲደርስ ቤቴን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ይህን እያልኩ የኖርኩት ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው በረዶ እስከጣለበት ቀን ድረስ ነው። ያን ቀን አልረሳውም፤ ምላሴ ወደ ድዴ በሄደ ቁጥር ሁለት የፊት ጥርሶቼን ያጣቸዋል።

የምሠራው ኮሎምበስ አጠገብ፣ ዋይትሆል ያለ ጎሚስታ ቤት ነው። ጋሼ ኑሩ የሚባሉ የወሎ ሰው አብረውኝ ይሠሩ ነበር። ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት፣ ባሕር ውስጥ የታመቀ አየር እየተኮሰ፣ ከሥር በሚመለሰው ድምፅ ነዳጅ በሚፈልግ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ።

«ዓሣ ነባሪ በጆሮው ነው የሚኖረው» ይሉናል። «መንገዱንም ልጁንም በድምፅ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ ባሕሩን ይጠብቃል። ካየ ተኩሱን ያስቆማል። ካላየም ቀስ ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ ያላየነው እንዲሸሽ።»

ልማዱን ጎሚስታ ቤት አመጡት። ጎማ ብረቱ፣ ቸርኬው ላይ አልቀመጥ ሲል ከታንክ የታመቀ አየር በአንዴ እንለቅበታለን፤ መድፍ በሉት። ጋሼ ኑሩ ሳይለቁ በፊት ቸርኬውን በመዶሻ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ቀስ፣ ጠንከር፣ በጣም ጠንከር። ከዚያ ዙሪያቸውን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ዓሣ ነባሪ የለም እኮ!»

«አንተ አለህ አይደል? ሆድህን አይተኸዋል?»

ያን ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ አጎንብሰው መሬት የወደቀ ቡሎን ይለቅማሉ። ላስደነግጣቸው ብዬ፣ የያዝኩት ጎማ ላይ አየሩን ሳላንኳኳ ለቀቅሁት።

ጎማው ፈነዳ። ቸርኬው ተፈናጥሮ ጭንቅላታቸውን መታቸው። የመስኮቱ መስታወት ረገፈ። «እማዬ!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ኮሎምበስ ኤርፖርት ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ጋሼ ኑሩ በጉልበታቸው ወደቁ። ከግራ ጆሯቸው ደም በአንገታቸው ይወርዳል። ዞር ሲሉ የአየሩን ቱቦ እጄ ላይ አዩት። ተነሥተው በቡጢ አፌን አሉኝ። ወደቅሁ። ደገሙኝ። ጥርሶቼን ከነደማቸው ተፋኋቸው።

አለቃችን ሮጦ መጣ። «ማነው የለቀቀው?» አለ በእንግሊዝኛ።

ጋሼ ኑሩ አልሰሙትም። እኔ ሰምቻለሁ።

«እሳቸው ናቸው፤ ሳያንኳኩ» አልኩ። «ጭራሽ እኔን መቱኝ።»

እዚያው ፋየር አድርጎ ከሥራ አባረራቸው።

ግራ ጆሯቸው እስከ ዛሬ አይሰማም። አሁን ጎማ ከመንፋቴ በፊት ሦስቴ አንኳኳለሁ፤ የዓሣ ነባሪውንም ወሬ መርከቡ ላይ የነበርኩ አስመስዬ ለደንበኛ ሁሉ አወራለሁ። አንዳንዴ ሀበሻ ሱቅ ስንገናኝ፣ ጋሼ ኑሩ ደህናውን ጆሮ ወደኔ አዙረው የምለውን ይጠብቃሉ። እኔ ቀልድ እነግራቸዋለሁ።

ለአለቃዬ እውነቱን እስካሁን አልነገርኩም። ሥራዬን ፈርቼ ነው።