የአጎቴ አፍንጫ

በቢሮዬ መስኮት ላይ ግማሽዋ ያለቀ ቡናማ ሳሙና አለች። በጋውን ዝም ብላ ትከርማለች። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ግን ላብ ላብ ይላታል፣ ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ የሐይቅን ዳርቻ፣ ያውም ዓሣ አጥማጆቹ አንጀት የሚጥሉበትን ጥግ ይሸታል። አብረውኝ የሚያስተምሩት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ገብተው አፍንጫቸውን ይዘው ይወጣሉ። «ኧረ ይቺን ነገር ጣያት፣ የተማረ ሰው ቢሮ አይመስልም» ይሉኛል። አልጥላትም። ለምን እንደማልጥላት ለእነሱ ነግሬያቸው አላውቅም። ላንተ ግን ልንገርህ፣ ሆድህ የሚችል ከሆነ።

የሠራት አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ኬሚካል ኢንጂነር ነበር፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። የከተማችን የሐይቅ ሰው «ፕሮፌሰር» እያለ ነበር የሚጠራው። ባጃጅ ነጂው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ከመስጊድ የሚመለሰው ሽማግሌ፣ ሁሉም። እሱ ግን በጠሩት ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። «ተባባሪ ነኝ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር» ይላቸዋል። ሰው ትሕትና ይመስለው ነበር። ምን ትሕትና! ሙሉውን ማዕረግ ለዓመታት ሲጠይቅ ለዓመታት አልሰጡትም፤ ያልሰጡትን ነገር ለብሶ በከተማ መሄድ ያሳፍረው ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። አጎቴ ማሽተት አይችልም። ድሮ ያስተምርበት በነበረው ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪው ጭስ ማስወጫ ማራገቢያ ተበላሽቶ ነበር። ጠግኑልኝ ይላል፣ እሺ ይሉታል፤ እንዲህ እየተባባሉ አንድ ልጅ ጥርሱን ነቅሎ የሚያበቅልበት ጊዜ አለፈ። እሱም በዚያ የአሲድ ጭስ መሃል ቆሞ ሲያስተምር አፍንጫው ቀስ በቀስ ሞተ። ሥጋ ቢያርርም፣ ሽቶ ቢደፋም፣ ለእሱ አንድ ነው። ለአንድ ማራገቢያ ብለው የሰው አፍንጫ በሉ።

ለውጡ በመጣ ሰሞን፣ አገሩ ሁሉ ሲያጨበጭብና ሲተቃቀፍ ከርሞ ማን ከየት ነው መባባል ሲጀምር፣ በቢሮው በር ላይ «ወደ አገርህ ግባ» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ገባ። ሁለት ካርቶን መጽሐፍና አንድ ጥቅል የመዳብ ቱቦ ይዞ እናቴ ግቢ ደረሰ። ከዚያም እኛ አካባቢ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። እኔ ያኔ እዚያው ትምህርት ክፍል ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ።

የማዕረጉ ጉዳይ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። የማዕረግ ኮሚቴውን ሊቀመንበር አውቀው ነበር፣ የማያውቀው ተማሪ የለም። ከለውጡ በፊት በየስብሰባው ፊተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ሰው ነበር። ከለውጡ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ በፊት ያጨበጨበላቸውን ይራገም ጀመር። ወንበሩን እንኳ አልቀየረም! ከቢሮው ከወጣ በኋላ ሽቶው ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። አጎቴን «ምርምርዎ ሁሉ ወረቀት ነው፤ ለኅብረተሰቡ የጠቀመ አንድ ነገር ያሳዩንና ማዕረጉን እንጨርሳለን» አለው። አጎቴ ጡረታው ደርሷል። ይህ የመጨረሻው ዕድሉ እንደነበር እሱም፣ እናቴም፣ እኔም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ሳሙናው እንዲህ መጣ። ሐይቁ ዳር አጥማጆቹ አምባዛ ሲያርዱ አንጀቱንና ስቡን እዚያው ይጥሉታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻሙበታል፣ የተረፈው ፀሐይ ላይ ይበሰብሳል። አጎቴ ከረባት አስሮ ባልዲ ይዞ ይወርድና ያንን ይሰበስባል። ማለዳው ሲያምር! ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ፣ ታንኳዎቹ ሲመለሱ፣ ከደብረ እስጢፋኖስ በኩል ደወል፣ ከከተማው በኩል አዛን ሲሰማ። እኔ ግን ባልዲውን በአንድ እጄ፣ አፍንጫዬን በሌላው ይዤ ከኋላው እከተላለሁ። ያንን ውበት ያየሁት አሁን ነው፤ ያኔ ያየሁት ዝንብ ነው።

በጓሮ በበርሜል ይቀቅለዋል። ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በጭልፋ ይገፍፋል፣ በከሰል ያጣራዋል፣ ከዚያ በዚያ የመዳብ ቱቦ የውሃ እንፋሎት ያሳልፍበታል፣ ሽታውን ይዞለት እንዲወጣ። በመጨረሻ በኮስቲክ ሶዳ ሳሙና ያደርገዋል። ሳሙናው አረፋው ግሩም ነው፣ እድፍ ያነሳል። ይሸታል እንጂ! ፀጉሬ ውስጥ ይገባል፣ ነጠላዬ ውስጥ ይገባል፣ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ወንበሮቹ ከግራና ከቀኝ ባዶ ይሆናሉ። እናቴ «ያ አላህ! ግቢዬን የዓሣ መቃብር አደረግከው፤ ሰው ለዚያራ፣ ለጥየቃ እንኳ አይገባልኝም» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ምን አለበት፣ አይሸተው!

ስለዚህ አፍንጫው እኔ ሆንኩ። «አፍንጫዬ፣ ነይ» ይላል፣ ስሜን ትቶ። ገና ለብ ያለውን ቁራጭ አፍንጫዬ ሥር ይደቅነዋል።

«ምን ይሸታል?»

«ይቀፋል።»

«መቅፈፍ መልስ አይደለም። ምን ምን ይሸታል?»

«የራሰ ውሻ... የከረመ ቅቤ... ደግሞ ዓሣ።»

«ሦስት ናቸው ማለት ነው። አንድ በአንድ እናስወጣቸዋለን።»

አንዴ አዝኜለት «ዛሬ ደህና ነው» ስለው ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ማሽተት ስለማይችል ፊት ማንበብ ተምሯል። «ዋሽተሽ ደስ አታሰኚኝ። የኔ ደስታ ሽታውን አያስወጣውም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብቻ ነው የነገርኩት። ከወር በኋላ የራሰ ውሻው ወጣ። ቅቤውና ዓሣው ቀሩ። ለጎረቤት በነፃ ስንሰጥ «ጀዛከላህ፣ ፕሮፌሰር» ብለው በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ ማግስቱን ሳሙናውን ውሻ ይዞት ሲሮጥ እናገኘዋለን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ መንገዱ ከላይም ከታችም ተቆረጠ፣ ከተማዋ በጦር ተያዘች። መብራት የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ሱቆቹ ተከፍተው ባዷቸውን ቀሩ። ስለ ሌላው አልነግርህም፣ ሁሉም የየራሱን ያውቀዋል። የሳሙናውን ብቻ ልንገርህ።

አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ጀናዛ የሚያጥቡት ሸህ መጡ። እጃቸውን ከራሳቸው አርቀው ይዘው ነበር የገቡት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ስኳር በሽተኞቹና አራሶቹ በመድኃኒት እጦት እያለቁ እንደነበር አጎቴ ያውቃል።

«ፕሮፌሰር፣ ለሟቹስ ማጠቢያ የቁርቁራ ቅጠል አለን፣ አልሐምዱሊላህ» አሉት። «ሳሙና ያጣሁት ለእኔ እጅ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ በዚህ እጅ እንዴት ልሂድ? ደግሞም ቤት ገብቼ ልጆቼን እነካለሁ።»

አጎቴ ሰውየውን ሳይሆን እኔን ነው ያየው። «ሸህ፣ ይሸታል እኮ» አላቸው።

«እኔ የማሸተውን ባወቅክ!» አሉ ሸሁ። በዚያ ሁሉ ሙሲባ መሃል ሦስታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ወሬው ተዳረሰ። ከወደ እስጢፋኖስ አንድ ቄስ መጥተው ለገናዦቻቸው ወሰዱ። አራስ ያላቸው መጡ፣ ቁስለኛ የሚያስታምሙ መጡ። ከአጥር ኋላ ይጥሉት የነበሩትም መጡ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። አጎቴ የማንንም አላነሳም። ኮስቲኩ ሲያልቅበት በአመድ ውሃ ሠራው፤ ሳሙናው እንደ ገንፎ ለሰለሰ፣ በጣሳ አደልነው። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ አንድ ሽታ ሸተተ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም። እናቴ እንኳ ማማረሯን ተወች። አጎቴን እንደዚያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ ደስ ብሎት ነበር፣ ደስ በማለቱም ያፍር ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ አጎቴ ለኮሚቴው ሄዶ ነገራቸው። መጥተን እንየው አሉ። ሊቀመንበሩና ሁለት ሰዎች መጡ። እናቴ ከሐይቁ ዓሣ አስጠብሳ፣ ዱለቱን አሠርታ ጠበቀቻቸው። ሊቀመንበሩ ሲበላ ማየት ነበረብህ! አገጩ ላይ ዘይቱ እየወረደ፣ እሾሁን እየጠባ፣ «የሐይቅ ዓሣ እኮ ወደር የለውም» እያለ ሁለት ሳህን ጨረሰ።

ከዚያ የእጅ ውሃ ይዤ ዞርኩ። በእኛ አገር እንግዳ በቤቱ ሳሙና ይታጠባል፤ የቤቱን ሳሙና መግፋት የቤቱን ጉርሻ እንደ መትፋት ነው። እናቴ የአጎቴን ሳሙና ነበር ያስቀመጠችው፣ ከሁሉ የተሻለውን፣ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ቀን ለፍቶ የሠራውን። ሊቀመንበሩ በሁለት ጣቱ አነሳው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ፊቱ ተኮማተረ። ከዚያ እጣቢው ውስጥ ለቀቀው። ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ እጁን ጠረገ፣ የሚሸት አልኮልም ቀባበት። ሁለቱ ተከታዮቹም እሱን አይተው እንደዚያው አደረጉ።

አጎቴ ፊታቸውን አንብቧል። ወደ እኔ ዞረ።

«አፍንጫዬ፣ ንገሪያቸው እስቲ። ምን ይሸታል?»

ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ሳሙናውን ከእጣቢው አውጥቼ አሸተትኩት። «ቅቤው ወጥቷል» አልኩ። «ዓሣው አለ።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ተማሪው በትክክል እንደመለሰለት መምህር። ሊቀመንበሩ ግን ፈገግ ብሎ «እንግዲህ የቤቱ ባለሙያም መሰከረች» አለ። «ዶክተር፣ አይቀየሙን። የሽታው ክፍተት እስካልተሞላ ድረስ ይህን እንደተጠናቀቀ ሥራ መውሰድ ይቸግረናል። ሲሻሻል እንደገና እናየዋለን።»

«ያጸዳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ?» አለች እናቴ ከጓዳ። «ወላሂ፣ ይህ አገር የታጠበው በዚህ ነው!»

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። ሲወጡ ከበርሜሉ አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ ዩኒቨርሲቲው በችግር ጊዜ ለኅብረተሰቡ የሠራው ተብሎ ሊወጣ። አጎቴን ከዳር አቆሙት። መኪናቸው ከሄደ በኋላ የሰውየው ሽቶ ግቢያችን ውስጥ ቀረ፣ እኔም ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የአምባዛ አንጀት ስሸከም አንድ ቀን አላስመለሰኝም ነበር።

አጎቴ ተባባሪ እንደሆነ ጡረታ ወጣ። አልተናደደም፣ ወይም አላሳየንም። ዓሣውን ለማስወጣት ቱቦውን ሲያስተካክል፣ እኔን ሲጠራ፣ እንደገና ሲሞክር ከረመ። በኋላ ያ ጭስ የጎዳው ሳንባው አሸነፈውና አንድ ሌሊት በእንቅልፉ ሄደ።

በጠዋት ግቢው ሞላ። ለጀናዛው ማጠቢያ ከጂዳ የተመለሰችው እህቴ ሻንጣዋን ከፍታ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና አወጣች፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ሸሁ ተቀብለው አዩትና መለሱላት።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ። የራሱን አምጡልኝ።»

እኔው አመጣሁላቸው፣ የመጨረሻውን ሥራ፣ ሁለት ሳሙና። ቢሮዬ ያለችው ግማሽ ከእነሱ የተረፈችው ናት። ሸሁ ሬሳው ወዳለበት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ።

ሊቀመንበሩ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጋር ጥቁር ለብሶ መጥቶ ነበር። ድንኳኑ መሃል ቆሞ ንግግር ያዘ። «ታላቁ ፕሮፌሰራችን» አለ። ጆሮዬን አላመንኩም። ደግሞ «ፕሮፌሰር» አለ፣ ደግሞ ደገመው። ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የለመነውን ነገር፣ መስማት የማይችልበትን ሰዓት ጠብቆ እንደዚያ በነፃ ሲበትነው ሳይ፣ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣው። ከተዘጋው በር ሥር ወጥቶ በግቢው ላይ ቀስ ብሎ ተነጠፈ። ከሐይቅ ሰው ፊቱን ያዞረ የለም፤ ያንን ሽታ ያውቁታል። አንዲት አሮጊት እንዲያውም ዓይናቸውን ጨፍነው በረዥሙ ሳቡት። ሊቀመንበሩ ግን ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ አቋርጦ መሐረቡን አወጣ።

ትቼው ወደ በሩ ሄድኩ። ሴት ስለሆንኩ መግባት አልችልም። ግንባሬን ሳንቃው ላይ አስደገፍኩ። ከውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር፣ ሸሁ ቀስ ብለው ቁርአን ሲቀሩ ይሰማኛል። እዚያ ቆሜ፣ አፍንጫዬን ሳልይዝ፣ በደንብ አሸተትኩለት። ዋሽተሽ ደስ አታሰኚኝ ብሎኛል።

«ይሸታል፣ አጎቴ» አልኩት በበሩ ስንጥቅ። «ውሻው የለም። ቅቤውም የለም። ዓሣ ነው፤ ዓሣ ብቻ ነው የቀረው።»