የፈታኙ ከንፈር

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲቃረብ ከተማሪዎቼ ይልቅ የምጨነቀው እኔ ነኝ። አሰላ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። በዚያ ዓመት ሞዴል ፈተና ላይ «አትፍሩ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ከሚቀላችሁ ጀምሩ» ብዬ ወረቀቱን አደልኩና በዴስኮቹ መሃል መመላለስ ጀመርኩ። መቀመጥማ አልሆነልኝም።

ከኦጎልቾ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ ማንም አይደርስባትም፤ ፈተና ላይ ግን እጇ ይርዳል። አጠገቧ ስደርስ እርሳሱ ጣቶቿ መሃል ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንጀቴን በላችው። ሳላስበው ከንፈሬን መጠጥኩና አለፍኩ።

በማግስቱ ወረቀቷን ሳርም ትክክለኛ መልሶቿን እየሰረዘች የተሳሳተ ጽፋበታለች። ላጲሱ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ንድድ አለኝ። እኔ ስቆጣ ደግሞ ድምፄ ግቢውን ይሻገራል። አስጠርቼ «ማን ሰርዢ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

መሬት መሬት እያየች «እርስዎ፣ ቲቸር» አለችኝ። «ወረቀቴን አይተው ከንፈርዎን መጠጡ። ሁሉንም የተሳሳትኩ መሰለኝ።»

ያዘንኩት ለእጇ እንጂ ለመልሷ እንዳልነበር ብነግራትም ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ሚኒስትሪው ሲደርስ እንደ ደንቡ ሌላ ትምህርት ቤት ፈታኝ ሆኜ ተመደብኩ። ሰሌዳው ሥር ቆሜ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣ ንቅንቅ ሳልል ዋልኩ። የእሷን ፈታኝ ከንፈር ግን ማን ይያዝልኝ?