መጋረጃ የተጋረደበት በር

ይህን ታሪክ መጻፍ ተገቢ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ዞሮ ዞሮ ስለ አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ በእናት ሞት መካከል ፊልም ማንሳት ደግሞ እንደ ድፍረት ይቆጠርብኝ ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን ለያይቼ ማስታወስ አልቻልኩም።

ፊልሙን የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ዓረብ አገር የምትሠራላቸው አሮጊት በጣም ስለሚወዱት አብራቸው ደጋግማ ታየው ነበር። ከዚያ በስልክ ትተርክልኛለች። አንዲት ሙሽራ ትልቅ የድንጋይ ቤት ውስጥ ትገባለች። ፎቅ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት በር አለ። ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ባልም ሠራተኛም «ዕቃ ቤት ነው» ይሏታል። እሷ ስትመጣ ወሬው ሁሉ ይቆማል።

«ምን ዓይነት ሞኝ ናት!» ትላለች እህቴ። «ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ ዝም ሲል አትጠረጥርም? እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ነበር የምገልጠው።»

«አንቺማ ቤቱንም ታፈርሺው ነበር፣ እታለም።»

መጨረሻውን ግን አልነገረችኝም። ስትመጣ አብረን ልናየው ተስማማን።

ከዚያ ይፋግ ትኖር የነበረችው እናታችን ሞተች። እኔ ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ ገና መግባቴ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ልጅቱ በሰው አገር ብቻዋን መርዶ መስማት የለባትም፣ አገሯ ስትገባ በወጉ ይነገራት አሉ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ መርዶውን የሚረዳው በማለዳ፣ ዘመድ ከብቦት፣ የሚደግፈው ሰው ባጠገቡ ሆኖ ነው። ስለዚህ እህቴ ስትደውል «እማዬ ጣራ ገዳም ሱባኤ ገብታለች፤ ስልክ አትይዝም» እንላለን። «ለእኔም ትጸልይልኝ» ትልና ወደ ፊልሟ ትመለሳለች። እስከዚያ ድረስ ከሙሽራዋ ጋር ነበር የምፈራው። አሁን ግን «ዕቃ ቤት ነው» ከሚሉት አንዷ እኔ ሆንኩ።

ኮንትራቷ አልቆ መጣች። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ደብረ ታቦር የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ለማግስቱ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ። እስከዚያ እህል ትቅመስ፣ ትረፍ ተባለ። አክስቴ እሷ ከመድረሷ በፊት ጥቁር ልብሳቸውን አወለቁ። ለሐዘን የተላጩትን ራሳቸውን በአበባማ ቀይ ሻሽ ሸፈኑ።

«እማዬስ?»

«ነገ እንሄዳለን። አሁን ብዪ፣ ልጄ።»

እህቴ ምግቡን ነካ ነካ አድርጋ ስልኳን ከውኃው ጆግ ላይ አስደገፈች። ፊልሙ በዓረብኛ የተተረጎመ ስለነበር እሷ እየተረጎመችልን ሦስታችንም ማየት ጀመርን። ሙሽራዋ ሻማ ይዛ ወደ መጋረጃው ስትጠጋ አክስቴ ራሳቸውን ረስተው «ተይ! አትግለጪ!» ብለው ጮኹ።

እህቴ እየሳቀች ዞረች። ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ።

«አክስቴ፣ አንቱ ከመቼ ወዲህ ነው ቀይ ሻሽ የሚያስሩት?»

«ለአንቺ ነዋ። ደስ ብሎኝ።»

ፊልሙን አቆመችው። እጇን ዘርግታ ሻሹን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። የአክስቴ ፀጉር ገና ማቆጥቆጡ ነበር።

«ገዳም አላችሁኝ» አለች። ወደ እኔ እንጂ ወደ እሳቸው አላየችም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ማልደው ሲመጡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፍ ተቀምጣ አገኟት። ከፊቷ ቆሙ። «ንገሩኝ እንጂ፣ አባቶቼ» አለቻቸው። «በወጉ ንገሩኝ።» ነገሯት፤ ያን ጊዜ ጮኸች።

ፊልሙን በኋላ ለክፍል ጓደኞቼ እህቴ እስካቆመችበት ቦታ ድረስ፣ እሷ የተረጎመችልንን እየነገርኳቸው፣ አሳይቻቸው ነበር። ደም የለው፣ ሩጫ የለው እያሉ ቢያሾፉም አንዳቸውም ከወንበር አልተነሱም። ይህን ያህል ያረጀ ፊልም ለምን ሰው እንደሚይዝ ብዙ አሰብኩ። በሩ አይመስለኝም። ሙሽራዋን ከሚዋሿት መካከል የሚወዷት አሉ፤ እሷ ግን ቤት ሙሉ ሰው እያለ ብቻዋን ናት። እህቴም በስልክ ስትስቅ እንደዚያ ነበረች።

እህቴ ፊልሙን ካቆመችበት አላለፈችም። ስጠይቃት «ይቆይ» ትለኛለች። የእናታችን ሙት ዓመት ታስቦ ዋለና ጥቁሯን አወለቀች። በማግስቱ ስልኳን ከዚያው ጆግ ላይ አስደግፋ «ነይ» አለችኝ። አክስቴም መጥተው ተቀመጡ። መጋረጃው ተገለጠ። ውስጡ ባዶ ክፍል ነበር፤ የተነጠፈ አንድ አልጋ ብቻ። እህቴ እስኪያልቅ ድረስ የአክስቴን እጅ ይዛ አየችው፤ ከዚያ ስልኩን አጠፋችው። ግንቦት ፲፫ ቀን ነበር።