የሰው አባት

ሴትዮዋ ወደ ሆስፒታሉ የምትመጣው በመጠየቂያ ሰዓት ነው። የምትለብሰው ኮት የወንድ ስለሆነ እጅጌው ይረዝማታል፤ ሁለቴ አጥፋ ትሰበስበዋለች። ጥግ ላይ ከተኙት፣ ጠያቂ ከሌላቸው ዓይነ ስውር ሽማግሌ አጠገብ ትቀመጥና እጃቸውን ይዛ፣ «አባዬ፣ መጣሁ» ትላቸዋለች።

ነርሷ ይህች ሴት ልጃቸው እንዳልሆነች ታውቃለች። ባለፈው ወር የሌላ በሽተኛ እህት ነበረች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአንዷ አክስት። ግን ሆዷ ስለሚባባ አይታ እንዳላየች ታልፋታለች።

አንድ ቀን ጠዋት ቁስላቸውን ስታጥብላቸው፣ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄን አፈር ያለበስኳት በገዛ እጄ ነው። ይቺኛዋ ማን እንደሆነች እንጃ። ብቻ ማወቄን እንዳትነግሪያት፤ መምጣቷን ትተወዋለች» አሏት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እጃቸው በሴትዮዋ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ነርሷ አንሶላውን ፊታቸው ላይ ስትስበው ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እህቴ፣ አምነውኝ ነበር?» አለች። «ልጄ የሞተው ሰው አገር ነው። እኔ ሳልደርስለት፣ አንዲት ሴት እናትህ ነኝ ብላ እጁን ይዛው ነበር አሉኝ። አምኗት ይሆን እያልኩ ይኸው እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።»

ነርሷ የአንሶላውን ጠርዝ አስተካከለች።

«አምነውሻል» አለቻት። «ጠዋት እንኳ ‹ልጄ ትመጣለች› ሲሉኝ ነበር።»

ሴትዮዋ የነርሷን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳችና፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለቻት።