የግራ እግር ጡረታ

ሰውየውን «ፍሪሲዮን» ያሰኘው የራሱ ወሬ ነው። ሌላው ሰው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም ሲያወራ እሱ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር ስለሚረገጠው ስለ መኪና ፍሪሲዮን ያወራል።

«ፍሪሲዮን ማለት የተኛ ሕፃን ነው» ይላል፣ መዳፉን ቁልቁል ቀስ አድርጎ እየተጫነ። «ስትረግጠው በሙሉ ልብህ፣ ስትለቀው ደግሞ በትንፋሽህ ነው።»

«የተኛ ሕፃን ነው የምትረግጠው?» ይለዋል አብሮት የሚሠራው ድንጋይ ቆራጭ። ይህን ሰው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ ዱቄት ለብሶ ስለሚውል አቧራ ነው የሚሉት። ሁለቱ ሲሰዳደቡ ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው።

ፍሪሲዮን የእምነበረድ ወርክሾፕ ሹፌር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ወርክሾፑ ያለው ከዳገት አናት ላይ ነው፤ ድንጋዩ የሚመጣው ደግሞ ከታች፣ ከባቡር ጣቢያው መጋዘን። ስለዚህ ለደረጃም ይሁን ለማድ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን እያንዳንዱ ድንጋይ ዳገቱን የሚወጣው በእሱ እግር ነው ማለት ይቻላል። ከዳገቱ መሃል ላይ የትራፊክ መብራት አለ። እዚያ ማን እንደተከለው አይታወቅም፤ ሹፌሮቹ ግን የተከለውን ሰው ሳይረግሙ አያልፉም። ሁለት ቶን ድንጋይ ተጭኖ፣ ቀይ በርቶ፣ አፍንጫን ወደ ሰማይ አንጋጦ መቆም፣ ከዚያ አንድ ጣት እንኳ ወደ ኋላ ሳይሉ መነሳት፣ ይህ ነበር የፍሪሲዮን ክብር። የእጅ ፍሬን እንኳ አይነካም።

«ከኋላዬ እንቁላል አስቀምጡ» ይል ነበር። «ከተሰበረ እኔ እጠብሰዋለሁ።»

በዓለም ላይ የሚንቀው ነገር ቢኖር አውቶማቲክ መኪና ነው። «አውቶማቲክ ያለው ሰው አይነዳም፤ ይሳፈራል» የሚል አባባል አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ሴት ልጁ በአውቶማቲክ ተፈትና መንጃ ፈቃድ አውጥታ እየሳቀች ስታሳየው፣ ወረቀቷን ገልብጦ ጀርባውን አየና፣ «ይሄ የግማሽ ሰው ነው። የግራ እግርሽንስ መቼ ይሰጡሻል?» አላት። ልጅቱ ሳቀች። ግን ወረቀቷን ቶሎ ብላ ከእጁ ወሰደች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና አንስታለት አታውቅም። የዳቦ ቤት የማከፋፈያ መኪና ትነዳለች፤ አባቷ አንድም ቀን ተሳፍሮባት አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ምስጢር ነበረው። ከስምንት ወር ወዲህ የግራ ጉልበቱ አልቋል። ሐኪሙ በአጥንትና በአጥንት መሃል ያለው ትራስ አልቋል አለው። ፍሪሲዮን የፍሬን ሸራ ነው ብሎ ተረዳው፤ ልዩነቱ የሚቀይርለት ጋራዥ አለማግኘቱ ነው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፣ ማታ ማታ ቅባት የምታሽለት እሷ ስለሆነች። በሥራ ላይ ግን ዘዴ ፈጠረ። ግራ እጁ ጉልበቱን ወደ ታች ይገፋል፣ ቀኝ እጁ ማርሽ ያስገባል፣ መሪውን ደግሞ ሆዱ ይይዝለታል። ለካ ሆድ የሚቀመጠው ለዚህ ቀን ነው! ዳገቱ ላይ ደግሞ መብራቱን ከሩቅ እያየ፣ አረንጓዴ ላይ ለመድረስ እንደ ኤሊ ይሳባል። ከኋላው ያሉት ጥሩንባ ይነፋሉ። እሱ እንዳልሰማ ይሆናል።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ድንጋይ የሚያመላልስባት የአሮጌዋ ፒክአፕ ሻንሲ፣ አካሏን የተሸከመው ብረት፣ ተሰነጠቀ። መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ እጁን እየጠረገ፣ «ነፍስ ይማር» አለ።

የወርክሾፑ አለቃ ሴት ናት፤ የመሥራቹ ልጅ። ፍሪሲዮን ከትምህርት ቤት ሲያመላልሳት ነው ያደገችው። ትንሽ ልጅ ሳለች ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እሱ ፍሪሲዮን ሲረግጥ እሷ በሁለት እጇ ማርሹን ትስብ ነበር። «ሞተሩን ስሚው» ይላታል። «ሲያጉረመርም ለውጪ፤ ሲጮህ ግን ጥፋቱ የኔ ነው።» አሁን አርባ ዓመቷ ነው፤ ሠራተኛ ታስተዳድራለች። ያም ሆኖ እሱን ጋሼ ነው የምትለው፣ አንተ እያለች።

በዚያው ቀን ግቢው መሃል ላይ ሁሉንም ሰብስባ ተናገረች።

«ጋሼ፣ መኪና ሻጩ ሁለት ትልልቅ ፒክአፕ አለው። ከኋላ ድርብ ጎማ፣ ጉልበታቸው እኩል ነው። አንዱ ማኑዋል፣ አንዱ አውቶማቲክ። ቅዳሜ ሁለቱንም ያመጣቸዋል። ድንጋይ ጭነህ ዳገቱን ውጣባቸው። አንተ የመረጥከውን እገዛለሁ።»

«ምን ምርጫ አለው!» አለ አቧራ። «ይህ ሰው እኮ የአውቶማቲክ መኪና በር እንኳ አይከፍትም።»

ሁሉም ፍሪሲዮንን አዩት። ምን ያድርግ? የለመደውን አደረገ፤ ፎከረ።

«አውቶማቲክ ከምነዳ የሚስቴን ቀሚስ ለብሼ ገበያ መሃል ብሄድ ይሻለኛል!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አቧራ ዓይኑን ጠርጎ፣ «እውነቱን ነው። አውቶማቲክማ ቢሆን እኔም እነዳዋለሁ፤ እንደ ሊፍት ነው፣ ተጭነህ መቆም ነው» አለ።

ቀልድ ነው። ፍሪሲዮን ግን ይህ ቃል እንደ እሾህ ገባበት። ማኑዋሉን ከመረጠ ጉልበቱ አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ይከዳዋል፤ ሁለት ቶን ድንጋይ ወደ ኋላ ይዞት ይወርዳል። አውቶማቲኩን ከመረጠ ደግሞ ማንም ይነዳዋል። ማንም የሚነዳው ከሆነ እሱን ምን ያደርጉታል?

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ ጉልበቱን እያሸች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«የትኛውን ቀሚስ ነው የምትፈልገው?» አለችው። «ሰማያዊው አይበቃህም። መሪ የሚይዘው ሆድህ አያስገባህም።»

«እኔ በጭንቅ ላይ ነኝ፣ አንቺ ትቀልጃለሽ።»

«ልጅህን ጠይቃት።»

«ምን ብዬ?»

«አስተምሪኝ በላት። ከዚያ በኋላ ፉከራህን እንኳ ባትተው ግዴለኝም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ልጅቱ ባዶ ሣጥን ስታወርድ አየችው።

«አባዬ! ምን ሆነህ መጣህ?»

«ምንም። በዚህ ሳልፍ ነው።» ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። «መኪናሽ... ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ሰላም ትልሃለች።»

ፍሪሲዮን ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አየው፤ እዚያ የተጻፈለት ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ወደ ኮፍያው እየተናገረ፣ «አስተምሪኝ» አለ።

ልጅቱ አልሳቀችም። የከበደውም ይሄ ነው፤ ብትስቅ ይቀለው ነበር። ሣጥኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣ «ለግማሽ ሰው ነው ለሙሉ?» አለችው።

«በልኩ» አለ አባት።

ከኳስ ሜዳው ጀርባ ባዶ ቦታ ነበር፤ እዚያ ወሰደችው። ማርሹን ወደፊት የሚያስኬደው ዲ ላይ አድርጎ በቀኝ እግሩ ነዳጅ ሲነካ መኪናዋ ሄደች። ቀላል ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ጆሮው ሞተሩን ሰማ፤ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ግራ እግሩ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሳና ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄደ። ያገኘው ሰፊውን ፍሬን ነው። በሙሉ ልቡ ረገጠው።

መኪናዋ ባለችበት ተተከለች። የፍሪሲዮን አፍንጫ መሪውን ሳመ። ከኋላ ሣጥኖቹ ተንጋጉ፤ የተረፈ አንድ ዳቦ በመሃላቸው በርሮ መጥቶ የፊት መስታወቱ ሥር ተቀመጠ።

«አባዬ!»

«እኔ አይደለሁም! እሱ ነው!» ብሎ ወደ እግሩ ጠቆመ።

ሰባት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሰባት! እግሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሥራ የለም ቢሉት አያምንም። በስምንተኛው ልጅቱ ከአንገቷ ላይ ቀይ ሻርፗን ፈታች፣ አጎንብሳም ቁርጭምጭሚቱን ከወንበሩ እግር ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«እንደ በግ አሰርሽኝ እኮ።»

«በግ ይሻላል፤ ሲጠሩት ይሰማል።»

ከዚያ በኋላ ነዳ። ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ጉልበቱ ዝም አለ፤ ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ውስጥ ሆኖ ጉልበቱ ዝም አለ። ነገሩ ሰው እንደማማት ነው የሆነበት፤ ደስ ይላል፣ የሚያሳፍረውም ደስ ማለቱ ነው። ሲለያዩ ሻርፑን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ልጅቱም አይታ የተንጋጉትን ሣጥኖች ማስተካከል ያዘች።

ቅዳሜ ደረሰ። ሁለቱ ፒክአፖች መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም በሬ የሚያክሉ። ድንጋዩ ተጫነ። ሻጩ አብሮት ሊገባ ሲል ፍሪሲዮን፣ «ብቻዬን ነው የምፈትነው። ሰው ካለ ሞተሩ አይሰማኝም» አለው። የወርክሾፑ ሰው ሁሉ ዳገቱ አናት ላይ፣ በሩ ጋ ተሰልፎ ቁልቁል ያያል።

መጀመሪያ ማኑዋሉን ያዘ። እስከ መሃል ድረስ ሆዱም እጁም ሥራቸውን ሠሩ። መብራቱ ጋ ሲደርስ ቀይ ሆነ። ቆመ። ጉልበቱ እንደ ተበጠሰ ሽቦ ይንዘፈዘፍ ጀመር። አረንጓዴ ሲበራ በትንፋሹ ሊለቅ የነበረው እግር ከፔዳሉ ተንሸራቶ እንደ ድንጋይ ወደቀ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ፒክአፑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከኋላ ያለች ትንሽ መኪና እንደ ድመት ጮኸች። ፍሪሲዮን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ሳበ።

አናቱ ላይ ሲደርስ አቧራ ጠበቀው። «ወደ ኋላ ሄድክ ልበል?»

«መኪናው አዲስ ነው፤ ገና አልተዋወቅንም።»

«እንቁላሉስ?»

ፍሪሲዮን ጀርባውን ሰጠው። ወደ መጋዘኑ ወርዶ አውቶማቲኩ ውስጥ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ግራ ቀኝ አየና ሻርፑን አውጥቶ እግሩን አሰረ። ሁለት ቋጠሮ።

ወጣ። መብራቱ እንደተለመደው ቀይ ሆነበት። ቆመ። አረንጓዴ ሲበራ ነዳጅ ነካ፤ ያ ሁሉ ድንጋይ እንደ ዘይት ተነሳ። አንድ ጣት ወደ ኋላ የለም። ግቢ ገብቶ፣ ዞሮ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ እዚያ ባሉት ሁለት የአሸዋ ክምሮች መሃል ካሶኒውን፣ ማለትም የጭነት ሣጥኑን፣ ድንጋይ ከሚያወርደው ማንሻ ሥር ልክክ አድርጎ አቆመው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፍሪሲዮን ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና እንደ ወጣት ዘሎ ወረደ።

ማለት፣ ሌላው አካሉ ወረደ። ግራ እግሩ እላይ ቀረ።

እጆቹ ጠጠሩ ላይ፣ ራሱ ቁልቁል፣ እግሩ ጋቢና ውስጥ በቀይ ሻርፕ ታስሮ ተንጠለጠለ። ኮፍያው ተንከባልሎ ሄደ። አቧራ ቀረብ ብሎ ሻርፑን በጥሞና መረመረ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሮ፣

«ይሄ ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው?» አለው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ መጻፍ አይቻልም። ማንሻውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ።

አለቃዋ ግን ከቢሮዋ ወርዳ መጣችና፣ የተዘቀዘቀው ፊቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ የቱን መረጥክ?»

ደሙ ወደ ራሱ ወርዶ ጆሮው ይጮሃል። በተንጠለጠለበት የሁሉም ሰው ጫማ ይታየዋል፤ ሁሉም ጫማ ወደ እሱ ዞሯል። ዋሽቶ ማኑዋሉን ቢል ሰኞ ዳገቱ ይጠብቀዋል።

«አውቶማቲኩን» አለ።

«ለምን?»

«ጉልበቴ አልቋል።»

ሳቁ ቆመ። እሷ ግን አልደነገጠችም። እጇን ሰድዳ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። «ከስምንት ወር ወዲህ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ማርሹ ሲጮህ እሰማለሁ። ጆሮዬን ያስተማርከው አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ቋጠሮው ተፈታ። አንስተው አቆሙት። ጠጠሩን ከመዳፉ እያራገፈ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ብሎ ድምፁን ቀነሰ፤ ግን ሁሉም ሰማው። «አሁንማ ማንም ይነዳዋል እኮ።»

አለቃዋ ወደ አቧራ ዞረች። «እውነት ነው እንዴ? እስቲ አንተ ግባና ከማንሻው ሥር አውጥተህ መልሰው።»

አቧራ ደረቱን ነፍቶ ገባ። መንጃ ፈቃድ አለው፤ ከባድ መኪና ነድቶ ግን አያውቅም። ወደፊት በደንብ ሄደ። ወደ ኋላ ሲመለስ ግን መሪውን በተቃራኒው አዞረ፣ ደነገጠ፣ ነዳጅ ጨመረ፤ ፒክአፑም በኋላው የአሸዋው ክምር ውስጥ እስከ ሰሌዳው ድረስ ገባ።

ፍሪሲዮን ኮፍያውን አንስቶ፣ አራግፎ፣ እያነከሰ መስኮቱ ጋ ሄደ።

«ሊፍቱ ስንተኛ ፎቅ ደረሰ?» አለው።

አቧራ ስድብ በመመለስ ፈንታ መስታወቱን ዘጋበት፤ ይህም በሃያ ዓመት ጓደኝነታቸው የመጀመሪያው ነው። አለቃዋ እዚያው አሸዋው አጠገብ ቆማ ለሻጩ፣ «ይሄኛውን» አለችው። ለፍሪሲዮን ደግሞ፣ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ጭነት አለህ። እግርህን በፈለግከው እሰር» ብላው ሄደች።

እሑድ ልጁ ምሳ መጣች። ሰማያዊው ቀሚስ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የሰቀለችው ሚስቱ ናት፣ ፉከራ ቃል ኪዳን ነው ብላ። አባት ቀሚሱን እንዳላየ አልፎ፣ «እስቲ መንጃ ፈቃድሽን አምጪ» አላት። ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ፊቱን አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደ።

«ፎቶው አያምርም» አለ በመጨረሻ። «ሌላው ሙሉ ነው።»

ልጅቱ ሻርፗን ጠየቀችው። አልሰጣትም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ቶን ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ፣ ያው መብራት ያው ቀይ በራ። ሻርፑ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እግሩን አላሰረውም፣ ሊፈትነው ፈልጎ። ፒክአፑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራ እግሩ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ የሚሠራው የለም። ፍሪሲዮን ቁልቁል አየው።

«በቃህ» አለው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ረግጠሃል። ጡረታ ወጥተሃል፤ ተቀመጥ።»

አረንጓዴ በራ። እግሩ ትንሽ ብድግ አለ፣ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ምንጣፉን ብቻ፣ በሙሉ ልቡ፣ ጥብቅ አድርጎ ረገጠ።