የታሸገው ቬሎ

ባለፈው ሳምንት የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ መርካቶ ሄጄ ነበር። ክፍት በሆኑት ሱቆች መሀል የአንዱ በር ብቻ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። «ታሽጓል» ይላል። አላፊ አግዳሚው ወረቀቱን ተላላፊ በሽታ ያለበት ይመስል በሩቁ እየሸሸ ያልፋል። የእኔ እግር ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የረሳሁት ነገር ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያገባሁት ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ገና ጀማሪ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበርኩ። ሌላ ሴት የለበሰችውን ቬሎ አልከራይም ብዬ፣ መርካቶ ሰባተኛ አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ የነበራቸው እትዬ ዘነቡ ዘንድ አሰፋሁ። እትዬ ዘነቡ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ አንዴ ችክ ካሉ ግን የማይነቀነቁ ሴት ነበሩ። ቬሎዬ አልቆ ጠርዙን ማጠፍ ብቻ ቀርቶት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከቀበሌ የመጣ ሰው የሱቅ በር ሁሉ አረንጓዴ ይቀባ ብሎ በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ነጋዴው እያጉረመረመ ቀባ። እትዬ ዘነቡ ግን «ሕግ ከሆነ ተጽፎ ይታየኝ» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች መጡና ሱቁን አሸጉት። ሰርጌ እሑድ ነው፤ ቬሎዬ ደግሞ ውስጥ ነው።

የዚያን ሳምንት መቁነጥነጥ እንዴት ልናገር። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ መርካቶ ነው። የበልግ ዝናብ ያቦካውን ጭቃ እየረገጥኩ፣ ከበርበሬ ተራ የሚመጣው ሽታ እያስነጠሰኝ፣ በትኩስ ፓስቲ ሻጮች መሀል እየተጋፋሁ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አያለሁ። ቬሎዬ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አይቼው እመለሳለሁ፣ ቤት ሳልደርስ ደግሞ ልየው ያሰኘኛል።

በዚያ ላይ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማስተምረው ምዕራፍ ስለ መንግሥት ሥልጣን ገደብ ነበር። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ባለሥልጣንም ለሥራው ይጠየቃል ብዬ ሕገ መንግሥቱን ሳስረዳ፣ አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኛ ሰፈር ሊቀመንበርም ይሄን አንብቧል?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከክፍል እንደወጣሁ ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ገና ወጣት ነበር። «ላንቺ ሰርግ ብዬ የመንግሥት ሥራ ላቁም?» አለኝ።

«የትኛው ሕግ ነው ያዘጋው?»

«መመሪያ አለ።»

«ልየው?»

«የውስጥ ነው። ለእናንተ አይታይም።»

ማታ ለአባቴ ስነግረው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ተረተብኝ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው» አልኩት። «ላንቺ ነዋ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

መርካቶ ውስጥ ነገር ሲከር ሽማግሌ ይላካል። የጎረቤቱ ባለ ሱቅ ጋሼ ከድር ሁለት ሰዎች አስከትለው ሊቀመንበሩን ለመኑት፤ አርብ ከሰዓት ይዘውት መጡ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጋሼ ከድር ልጃቸው የሚሆነውን ሰው «እርስዎ» እያሉ አነጋገሩት።

«አጥፍታለች፤ ስለኛ ብለው ይማሯት» አሉት።

«ለእናንተ ስል ምሬያታለሁ» አለና ወረቀቱን ቀደደው።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ልገባ ስል ግን እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን አጥፍቼ ነው የማሩኝ?»

ጋሼ ከድር ደነገጡ። «ተይ እንጂ ዘነቡ፤ ተከፈተልሽ አይደል?»

«ጋሼ ከድር፣ ጥፋቴ ሳይነገረኝ ከተማርኩ፣ ነገም ሳላጠፋ ይዘጋብኛል።»

ገብተው ቬሎዬን ከነመርፌና ክራቸው ይዘው ወጡ። ከዚያ በገዛ እጃቸው በሩን ቆለፉና ደጃፉ ላይ ዱካ ስበው ተቀመጡ። «ወይ ጥፋቴን ይንገሩኝ፣ ወይ ጥፋት የለብሽም ይበሉኝ። እስከዚያ አልከፍትም።»

ሊቀመንበሩ በሩን አየ፣ ሰዉን አየ። የተዘጋ በር ምን ብሎ ያሽግ? ጥሎን ሄደ። እትዬ ዘነቡ ቬሎዬን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጠርዙን ያጥፉት ጀመር። እኔ ተመልሶ ይመጣና ይቀማኛል እያልኩ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ መርፌው አያለሁ። «ቶሎ በሉልኝ፣ እትዬ» ስላቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

እሑድ በዚያው ቬሎ ተዳርኩ። እሳቸው ግን ወራት ሙሉ የስፌት መኪናቸውን ወደ በረንዳ አውጥተው፣ ከጀርባቸው በሩ እንደተቆለፈ ሰሩ። በክረምቱ ዝናብ የሌላው ሱቅ አረንጓዴ ቀለም ተላልጦ ወረደ። ሊቀመንበሩም ተቀየረ። አዲሱ መጥቶ «ማን ዝጊ አለሽ?» ሲላቸው ሳቁና ከፈቱ። የጠየቁት መልስ ግን እስኪሞቱ ድረስ አልመጣም።

ይህን ሁሉ ሳስብ የታሸገው ሱቅ ወጣት ባለቤት አጠገቤ ቆሞ ኖሯል።

«ምን ፈልገው ነው፣ እትዬ? ጨርቅ ከሆነ ሰኞ ይመለሱ፤ ይከፈታል» አለኝ።

«ለምን እንደታሸገ ነገሩህ?»

«ሽማግሌ ልከናል፤ ዛሬ ያሸጉትን ሰዎች ይዘው ይመጣሉ።»

«ምን አጠፋሁ ብለህ?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅንም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ምዕራፍ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ እዚያ በር ላይ ቆሜ ግን ለማን እንዳስተማርኩት ጠፋኝ፣ አዘንኩም። ወጣቱ ከጎረቤት ዱካ ተውሶ አመጣልኝ። የጨርቁን ነገር ተውኩትና በሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

«አንተም ተቀመጥ» አልኩት። «ሲመጡ አብረን እንጠይቃቸዋለን።»